ጨው የተፈቀደለት በሽተኛ

ኮሎምበስ፣ ጥር 2013 ዓ.ም.

ውድ ወርቁ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጆሮዬ ለስልክ እንደማይረባ አስታውሰህ በእጅህ ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። ጽሕፈትህ ዛሬም አይነበብም፤ ክሊቭላንድ ሄደህ ስፔሻሊስት ተብለህም አልተሻሻለም። ቢሆንም አንድ ቃል ሳላስቀር አንብቤዋለሁ።

ምርመራ ያደረጉልኝ ሰዎች የላኩልህን ምስል አይተህ፣ «ጋሼ፣ ጉበትዎ ትንሽ ተቆጥቷል፣ የሚያሳስብ ነገር የለውም» ብለሃል። የሚያቅለሸልሸኝን ኪኒን እንድተው፣ ያማረኝን እንድበላ፣ ጨውም ቢሆን እንዳልፈራ መክረሃል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «በረዶው ሲቀልጥ ወረርሽኙም ጋብ ይላል፣ ያኔ መጥቼ አይዎታለሁ» ብለህ ፈርመሃል።

ወርቁ፣ ይህን ደብዳቤ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ኢሉባቦር ሳለን፣ አንተ ገና አዲስ ተመራቂ ሐኪም ሆነህ እኔ ሥር በተመደብክበት ጊዜ፣ ክረምት በገባ ቁጥር መንገዱ ይዘጋ ነበር። አገራቸው የተመለሱ በሽተኞች ሕመማቸውን አስጽፈው በነጋዴ ይልኩልናል፤ እኛም ምክራችንን ጽፈን በዚያው ሰው እጅ እንመልሳለን። ተስፋ የሌለው በሽተኛ ሲሆን ሁለት ደብዳቤ ነበር የምጽፈው። ለበሽተኛው፣ ጉበትዎ ትንሽ ተቆጥቷል፣ ያማረዎትን ይብሉ፣ ክረምቱ ሲያልፍ ብቅ ይበሉ እላለሁ። ለቤተሰቡ ግን እውነቱን ነው፤ የቀረውን ጊዜ፣ ሕመሙ ሲበረታ የሚሰጠውን፣ ከታች ደግሞ ምንጊዜም የማላስቀራትን አንዲት መስመር። ሁለቱ ፖስታዎች እንዳይምታቱ የምትጠነቀቀው አንተ ነበርክ። አንድ ቀን «ዶክተር፣ ይሄ ውሸት አይደለም ወይ?» ብትለኝ፣ «ይሄም መድኃኒት ነው» ብዬ አፍህን አስያዝኩህ። ዛሬም ቢሆን አልጸጸትበትም። «እባክዎ፣ እሱ እንዳይሰማ» እያለ እግሬ ላይ የሚወድቀው ራሱ ቤተሰቡ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ደብዳቤ ደርሶኛል። ሁለተኛው ማን እጅ እንደገባም ገብቶኛል። እዚህ አገር በሽተኛው ራሱ ይነገረው ይባላል፤ እኔ ግን ሐኪሙ በማስክ ውስጥ ሲያወራ አልሰማ ቢለኝ «ውጤቱን ለልጄ ንገሯት» ብዬ ፈርሜያለሁ። ወጥመዱን በገዛ እጄ ነው የዘረጋሁት።

ሰናይትን ታውቃታለህ። ነርሲንግ ሆም ስለምትሠራ እኔንም እንደ ሥራ ቦታዋ ሽማግሌዎች ነው የምትጠብቀኝ። ለደም ግፊቴ ብላ ጨውን ከዚህ ቤት ካባረረችው ዓመታት አልፈዋል፤ ለገና ዶሮ እንኳ ቁንጥር አላስጨመረችም። ደብዳቤህ በመጣ ማግስት የጨው ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ጉብ ብሎ አገኘሁት።

«ምን ተገኘ?» አልኳት።

«ዶክተር ወርቁ ኦኬ ብሏል እኮ አባዬ። ትንሽ ጨው ምንም አያደርግህም» አለችኝና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሁሉ ጥሩ ሆኖብኛል። በወር አንዴ እንኳ መደወል የሚከብደው ወንዱ ልጄ ቢሩክ ከሲያትል በየቀኑ በቪዲዮ ኮል እያደረገ ስለ ዝናብ እየጮኸ ያወራኛል። ከክፍሏ በልመና የማትወጣው ሔራን፣ የሰናይት ልጅ፣ ስልኳን ትታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ምን ፈልገሽ ነው?» ብላት «ናቲንግ፣ ግራንድፓ» አለችና እጄን ያዘችው። እሁድ ድምፁ እስከ መጨረሻ ተከፍቶልኝ በዙም በነበረው ጸሎት ላይ ፓስተሩ «ጌታ ሆይ፣ ጋሼ ሰብስቤን በዚህ በመጨረሻው...» ሲል ሰናይት ተንደርድራ ድምፁን ዘጋችው። ቀሪውን ጸሎት የፓስተሩን አፍ ሲንቀሳቀስ እያየሁ ጨረስኩ።

ባለፈው ሳምንት ሰናይትን ልፈትናት ብዬ «በረዶው ሲቀልጥ ጓሮ በጣውላ መደብ ሠርቼ ጎመን እተክላለሁ» አልኳት። ሌላ ጊዜ ቢሆን «በየትኛው ወገብህ?» ነበር መልሷ። አሁን ግን «ጥሩ ነው አባዬ» አለችኝ። በማግስቱ በዚያ ውርጭ ጣውላ ገዝታ ጋራዡ ውስጥ ደርድራ አየሁ። ያን ጣውላ ሳይ ነው እውነተኛው ፍርሃት የያዘኝ።

ማር ነጋዴው አቶ ያደታ ትዝ ይሉሃል? ያንኑ ደብዳቤ ልከንላቸው፣ እሳቸውም አምነውን፣ ለሚመጣው ዓመት አዳዲስ ቀፎ መስቀል ጀምረው ነበር። ለልጃቸው ለጽጌ የጻፍኩት ሌላ ነበር። አባቷ ዛፍ ላይ ወጥተው ቀፎ ሲሰቅሉ ከሥር ገመዱን ይዛ የምትቆመው እሷ ነች። ካረፉ በኋላ መጥታ ምን እንዳለችኝ ነግሬህ አላውቅም። «አባቴ ደስ ብሎት ሞተ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን ከሥር ቆሜ ሳለቅስ ቀና ብዬ እንኳ ላየው አልቻልኩም» አለችኝ። እኔም የራስ ምታት ኪኒን ሰጥቼ ሸኘኋት።

ሰናይት ቫይረሱን ቤት እንዳላስገባ ብላ የሥራ ልብሷን የምትቀይረው ጋራዥ ውስጥ ነው። ድሮ ወዲያው ነበር የምትገባው። አሁን የጋራዡ በር ሲወርድ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮዬ ባይሰማ እግሬ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም አይመጣም። ሳሎን ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ብዙ ቆይታ ፊቷን ታጥባ ትገባና «ትራፊክ ነበር» ትለኛለች።

ስለዚህ የምለምንህ ይህን ነው። በእኔ ስም፣ ለእኔ፣ እውነቱን ጻፍልኝ። ሞትን አልፈራም ብዬ አልዋሽህም፤ እፈራለሁ፣ ሆዴን በነካሁ ቁጥር እፈራለሁ። ግን ልጄ ብቻዋን እንድትሸከመኝ አልፈልግም። ተስፋ ካለኝ ደግሞ፣ ወርቁ፣ ጨዉን መልሰህ ከልክለኝ።

*

ትናንት እዚህ ላይ አቁሜ ነበር፤ ቴምብር ስላልነበረኝ ፖስታው ሳይታሸግ አደረ። ዛሬ ምሳ ላይ የጨው ዕቃውን ወደ ሰናይት ገፋ አደረግኩና «ውሰጂው፣ እኔ ገና በሽተኛ ነኝ» አልኳት። ዕቃውን አንስታ ጓዳ አስገባችው። ከዚያ «መኪናው ውስጥ የረሳሁት ነገር አለ» ብላ ወጣች።

መልስህን መጠበቅ አቃተኝ። በነጠላ ጫማ ተከተልኳት። በጣውላዎቹ መሃል አልፌ የመኪናውን መስኮት አንኳኳሁ፤ ከፈተችልኝ፤ አጠገቧ ገብቼ ተቀመጥኩ።

«በረዶው እስኪቀልጥ እቆያለሁ?» አልኳት።

መሪውን በሁለት እጇ እንደጨበጠች «አይመስለኝም፣ አባዬ» አለችኝ።

ሌላ ነገር ብትለኝ እንዴት በወደድኩ። ጃኬቷን አውልቃ አለበሰችኝ። ከዚያ በሥራ ቦታዋ አድራሻ የላክህላትን ፖስታ ከመኪናው ኪስ አወጣች። መነጽሬን ሳሎን ትቼው ስለነበር «አንብቢልኝ» አልኳት። እያነበበች አለቀሰች፣ እያለቀሰች አነበበች፤ እኔም አለቀስኩ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይቺን መስመር እስካሁን ማንበብ አቅቶኛል፤ ጽሑፉ አይገባም» አለችኝ።

እኔ ማየትም አላስፈለገኝም። «አጠገባቸው ሁኚ፤ ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት የለኝም፣ ነው የሚለው» አልኳት።

እንግዲህ መልስ መጻፉን ተወው። በረዶው ሲቀልጥ ግን በቃልህ መሠረት ና። ጣውላው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ጎመኑን ለሰናይት ትተክልላታለህ። ጨዉን ወደ ጠረጴዛው አስመልሼዋለሁ።

የድሮ አለቃህ፣ የአሁን በሽተኛህ፣
ሰብስቤ