አዳፍኚ ሳይሆን አጥፊ

እታለም አሳየች፣

ወጥ ቤት የጠዋት ተራው የእኔ ስለሆነ ሳልቀሰቅስሽ ወጥቻለሁ። አንቺ ስታንኮራፊ ደግሞ የሚቀሰቅስሽ ማን ወንድ ነው።

ዛሬ ማታ ከተማሪዎቹ መኝታ ቤት ጀርባ፣ ሁላችንም በምንጠቀምበት የእሳት ጉድጓድ በቆሎ ልትጠብሺ ነው አሉ። ጥበሺ።
ስትጨርሺ ግን ካራ መንደር እንዳለው ቤታችሁ አመድ አልብሰሽ አታዳፍኚው። እናትሽ የሚያዳፍኑት ጠዋት ፍም እንዲያገኙ ነው። እዚህ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ አመዱን ገልጦ ፍሙን በደረቁ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ይበትነዋል። ባለፈው ያዳፈንሽውን ጠፍቷል ብለው የረገጡት ዘበኛው ጋሽ ጉደታ ናቸው፤ የላስቲክ ኮንጎ ጫማቸው እግራቸው ላይ ቀለጠ። አሁን የሚያነክሱት እኔን ሲያዩ ብቻ ነው።

በሠራተኞች ስብሰባ «እሳቱን ሳያጠፋ የሄደ ማነው?» ሲባል አንቺ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለሽ። ተነስቼ ግለ ሂስ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሰብሳቢው ጓድ ለይኩን «ንቃት ይጎድልሻል» ሲለኝ አጨበጨብሽ።

ይሁን።

ውሃ አፍስሺበት፣ በእንጨት አማስዪው፣ ድገሚና አፍስሺ። ጋሽ ጉደታ ማታ አመዱን በእጃቸው እዳስሳለሁ ብለው ምለዋል። ሞቆ ካገኙት፣ አንቺ ያዳፈንሽውን ጉድጓድ እሳቸው በአካፋ ይደፍኑታል። ያኔ ተማሪውም እኛም ክረምቱን በብርድ መንቀጥቀጣችን ነው፤ እኔም ሁለተኛ ስላንቺ አልነሳም።

ባልዲውን አፉ ድረስ ሞልቼ ከአልጋሽ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። እግርሽን ከማውረድሽ በፊት ይህን ካነበብሽ እሰየው።

ወርቄ