አንድ ኩባያ ሩዝ፣ አንድ ተኩል ውሃ

ሰኞ

ዛሬም ገንፎ ሆነ! ማንኪያው መሃሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማዳም ክዳኑን ከፍታ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ መልሳ ከደነችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ እኮ ሩዝን በደንብ ያወቅኩት ካርቱም መጥቼ ነው። ወሎ እያለሁ ለሰርግ ካልሆነ ማን ያየዋል? በድስት ስሠራው ይጣበቅብኛል። ማዳም ስድስት ወር ሙሉ ስትነጫነጭ ከርማ፣ ወንድሟ ከጅዳ የሩዝ ማብሰያ ማሽን ላከላት። አንድ ኩባያ ሩዝ፣ አንድ ተኩል ውሃ፣ ቁልፉን ወደ ታች መጫን፤ ሲበስል ራሱ ቀጭ ብሎ ይነሳል። "ሕፃን ልጅም አይሳሳትም" አለችኝ። እያሳየችኝ ስትሠራው አንዱ ፍሬ ካንዱ ሳይነካካ ወጣ። እኔ ስሠራው ይኸው።

ጁምዓ የልጇ እጮኛ ቤተሰቦች ለምሳ ይመጣሉ። "በነሱ ፊት እንዲህ ካዋረድሽኝ ኸላስ፣ በቃ፣ ሌላ ሠራተኛ እፈልጋለሁ" አለች። ኸላስ ስትል እጇን አራገፈች። ያቺ እጅ ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋ አለች።

ማክሰኞ

ከህረባ፣ መብራቱ፣ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ማሽኑ ሞቷል፤ ደስ አለኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። በጋዝ፣ በድስት ሠራሁ። እንደ ልማዴ ተጣበቀ። ማዳም ቀምሳ ተወችው። ሐቦባ ግን፣ የማዳም እናት፣ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። "ማሻአላህ ያ ብት፣ ጎበዝ ልጅ" አሉኝ። ለማጽናናት ይሆናል። ደግ ናቸው።

ረቡዕ

ከህረባ መጣ። ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ቁልፉን ተጫንኩና ሖሹ፣ ግቢው ውስጥ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ስመለስ ገንፎ! ወይ ጣጣ! ወይ የኔ ነገር!

ምን ይሆን?
ውሃው? አባይ ሞልቶ የቧንቧው ውሃ ቡና መስሏል። ግን ማክሰኞም ያው ውሃ ነበር።
ሩዙ? ያው ጆንያ።
ማሽኑ እኔን ጠልቶኝ? እብድ ሆኛለሁ።

ሰዓዳን በአጥሩ ላይ ጠየቅኳት፤ ጎረቤት የምትሠራ የደሴ ልጅ ናት። "ጂን ገብቶበት ይሆናል፣ ቁርዓን ቅሪበት" ብላ ሳቀችብኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ማንም ሳያየኝ ቀራሁበት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል!

ሐሙስ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ። ልብስ እያሰጣሁ መቆንጠጫ አነሰኝና ወደ ቤት ተመለስኩ። ሐቦባ ማድቤት ናቸው። ክዳኑን ከፍተው፣ ውዱእ በሚያደርጉበት ኢብሪቅ ማሽኑ ውስጥ ውሃ ያንቆረቁራሉ። ቢስሚላህም ብለዋል።

"ሐቦባ!"

ደነገጡ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱልኝ። አንድም ጥርስ የለም። ማዳም ያሠራችላቸው ሰው ሰራሽ ጥርስ ድዳቸውን ይቆርጣቸዋል፤ ሰው ፊት ብቻ ያደርጉታል፣ ሲያኝኩበት ያማቸዋል። "ያንቺ የድስት ሩዝ ጥርስ አይፈልግም ነበር። ይሄ ማሽን ጠጠር ነው የሚያበላኝ" አሉ። ለልጃቸው እንዳልናገር አስማሉኝ፤ ከሰማች ታዝናለች።

እኔስ? በሳቸው ውሃ እኔ ልባረር ነው! ተናደድኩ። ደግሞ አንጀቴን በሉት። ስድስት ወር ያፈርኩበት ሩዝ የሳቸው ምግብ ነበር፣ ማን ነገረኝ? ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን እንጀራዬን ሊያስቆርጠኝ ነው።

"ማሽኑን ብቻ ይተዉልኝ፣ ለርስዎ በትንሿ ድስት እሠራለሁ" አልኳቸው።

"ኢንሻአላህ" አሉ። የሳቸው ኢንሻአላህ እሺ ይሁን እምቢ እስካሁን አልለየሁትም።

ጁምዓ

ልብስ አላሰጣሁም። ማሽኑ አጠገብ ቆምኩ። ሐቦባ ኢብሪቃቸውን ይዘው ገቡ። ክዳኑን በእጄ ያዝኩ። ከቧንቧው ሞልተው፣ እኔን ሳያዩ ወደ ውዱአቸው ሄዱ።

ቀጭ አለ። ከፈትኩ። ፍሬ በፍሬ! ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

እንግዶቹ መጡ። ሐቦባ ጥርሳቸውን አድርገው ተቀመጡ። በትንሿ ድስት በወተት ያለሰለስኩላቸውን በጎድጓዳ ሳህን ከድኜ ፊታቸው አኖርኩ። የእጮኛዋ አያት የማሽኑን ሩዝ አፋቸው ውስጥ ሲያንከባልሉ ቆዩና ወደ ሐቦባ ሳህን አዩ። "ያ ምንድን ነው?" አሉ። ሐቦባ ሳህኑን ወደ መሃል ገፉት። ሁለቱ አሮጊቶች ካንድ ሳህን በልተው ጨረሱት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ማዳም ጠራችኝ። "ያንን ሩዝ ማን ሥሪ አለሽ?" መሐላ አለብኝ።

ሐቦባ ጥርሳቸውን አውልቀው ትሪው ላይ፣ ልጃቸው ፊት አስቀመጡት። "እሷን አትጠይቂያት፣ እኔን ጠይቂኝ። ሳምንቱን ሙሉ ማሽኑ ውስጥ ውሃ ስጨምር የነበርኩት እኔ ነኝ።"

ማዳም ጥርሱን አየችው። እናቷን አየቻቸው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ወደ ክፍሏ ስትሄድ በሩ ላይ ዞር ሳትል፣ "ነገ ሁለቱንም ሥሪ" አለችኝ።

ነገ አለች። ከነገ ወዲያስ? ይቅርታ ነው፣ ቁጣ ነው? አልገባኝም። ለማንኛውም የነገውን ሩዝ ለቅሜ አስቀምጫለሁ፤ የማሽኑንም፣ የትንሿንም ድስት።