ሽማግሌዎቹን የሚሸከም ጎማ

ማክሰኞ

ጎማው አልቋል። ጎሚስታው የኋላውን ግራ በጣቱ ዳብሶ "ሽቦው ሊወጣ ነው፤ በዚህ ሩቅ እንዳትሄድ" አለኝ። ሩቅ አልሄድም። የምሄደው ቱላ ነው፣ እሁድ፣ ሽማግሌዎች ይዤ።

ሽማግሌዎቹ ምሕረትን ከአባቷ ከአቶ ሀመሶ ሊጠይቁልኝ ነው። እሳቸው እምቢ ካሉ እሷ የአባቷን ቃል እንደማታልፍ ነግራኛለች። አቶ ሀመሶ እኔን አይተውኝ አያውቁም፤ መኪናዬን ግን ያውቋታል። አንድ ቀን ምሕረትን ሰፈሯ አድርሼ ስመለስ አቧራ አስነስቼ አለፍኩ። "ይሄ የሚጮኽ ቀይ ነገር የማን ነው?" ብለው ጠየቋት። ያኔ ወሬ ቀየረች። አሁን የማን እንደሆነ ያውቃሉ።

ከሥራ ስወጣ ፒያሳ ጋሽ ከድር ሱቅ ገባሁ። ጎማና ጎማው የሚገባበትን ቸርኬ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሦስት ዓይነት አሳዩኝ። አስራ አምስት ቁጥር፦ ብረት፣ ጎማው ወፍራም፣ መልኩ የታክሲ። አስራ ስድስት፦ አሉሚኒየም፣ ደህና ነው፣ ግን ዞሮ የሚያየው የለም። አስራ ሰባት፦ ጥቁር፣ ጎማው ስስ።

ጋሽ ከድር ጥቁሩን እያሽከረከሩ "ይሄ ለአንተ መኪና የተወለደ ነው" አሉ።

ልቤ እዚያው ቀረ።

ረቡዕ

ጥቁሩን አስገጠምኩ። ጎማውን ከሚሸፍነው ፓራፋንጎ ትንሽ ወጣ ይላል፤ ደስ የሚለውም እሱ ነው። የሐይቁን ዳር ብቻዬን ዞርኩበት። መታጠፊያ ላይ መሬት ቆንጥጦ ይሄዳል። አንድ የባጃጅ ሾፌር "ነፍስ ነው!" ብሎ ጮኸልኝ። ጉብታው እስከ ጥርሴ ተሰማኝ። ይለመዳል።

ለምሕረት ፎቶ ላክሁላት። "ያምራል" ብላ ጻፈች። ቆየት ብላ "አባዬ ሲያየውስ?" አለች።

ሐሙስ

ጭንቅ። አንደኛው ሽማግሌ ልጃቸው ታሞባቸው አዲስ አበባ ሄዱ። የቀሩት አጎቴ ጋሽ ተሾመና የአባቴ ባልደረባ የነበሩት አቶ ላላንጎ ናቸው።

አጎቴ ከሰዓት በኋላ ደወሉ። "ሁለት ሰው ሽማግሌ አይባልም፤ ለምስክርነት የመጣ ነው የሚመስለው። ግን አታስብ፣ ሰው አግኝቻለሁ። ቱላ ገበያ ስንት ዓመት የነገደ ነው፤ ሲዳሙ አፎ እንደ እናቱ ቋንቋ ነው የሚናገረው። አቶ ሀመሶም ያከብረዋል።"

"ማን ናቸው?"

"ከድር።"

"የቱ ከድር?"

"ባለ ጎማው ነዋ!"

ዓርብ

ሦስቱ ማን ቀድሞ እንደሚናገር ሊመካከሩ አጎቴ ቤት ተቀጣጠሩ። እኔ ነኝ የወሰድኳቸው። አቶ ላላንጎ ከፊት፣ ጋሽ ተሾመና ጋሽ ከድር ከኋላ። ሁለቱም ሰፊ ሰዎች ናቸው። መኪናዋ ደግሞ የቀድሞ ባለቤቷ ሞላዋን አስቆርጦ ዝቅ ያደረጋት ናት።

የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ከኋላ ኽርርር የሚል ድምፅ መጣ።

"ምንድን ነው? ድመት ረገጥክ?" አሉ ጋሽ ከድር።

"ጎማው ፓራፋንጎውን እየፋቀ ነው።"

"የምን ጎማ?"

"እርስዎ የሸጡልኝ።"

አጎቴ ሳቃቸው አመለጣቸው። "ከድር፣ በዕድሜህ አንድ ቀን ዕቃህ ላይ ተቀምጠህ ታውቃለህ?"

"ወላሂ፣ እኔ ይሄን የምሸጠው ለጎረምሳ ነው። ጎረምሳ ሽማግሌ ይጭናል ብዬ በምን ልወቅ?"

አቶ ላላንጎ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሁለተኛው ጉብታ ላይ ግን አጎቴ ወገባቸውን ያዙ፤ ሳቁም ቆመ። የቆየ ሕመም እንዳለባቸው አላውቅም ነበር። ሲወርዱ የመኪናውን በር ይዘው ጥቂት ቆሙ። "ምንም አይደል" አሉኝ፣ ፊታቸው ግን ሌላ ይላል።

ጥቁሩን የሞከርኩት ብቻዬን ነው። ሰው ጭኜ መሞከር በሐሳቤም አልመጣም።

ቅዳሜ

ጠዋት ጋሽ ከድር መላ አመጡ። "ለነገ አስራ ስድስቱን ላውስህ። ሰኞ ና፣ ጥቁርህን ትወስዳለህ። ማን ያውቃል?"

እፎይ አልኩ። ለምሕረት ደውዬ ነገርኳት።

"ሰኞ ልትመልሰው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው አትቀይር። በጥቁሩ ሂድ፣ ይፋቅ።"

"አጎቴ ወገባቸውን ያማቸዋል እኮ!"

"ታዲያ ለአንድ ቀን ብቻ ነው የምታዝንላቸው? አባዬ ለእንግዳ ቀን ብቻ የታጠበ ሰው አይወድም። እኔም አልወድም። ነገ የምትነዳውን እኔም ዕድሜ ልኬን የምሳፈርበት አድርገው" ብላ ዘጋችው።

ተናደድኩ። ያዘዝኩት ማኪያቶ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ከዚያ የኋላ ወንበሬን አሰብኩ። እናቴ ቅዳሴ ስትሄድ ባጃጅ ነው የምትይዘው። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ ጉብታ ላይ "አንተ ልጅ!" ስትል ግን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ተመልሼ ሱቁ ሄድኩ። "ጋሽ ከድር፣ ጥቁሩን ይውሰዱት። ለሰኞም አልፈልገውም።"

"ተቆጣህ እንዴ?"

"አይደለም።"

ትንሽ አዝኛለሁ፤ ለራሴ መዋሸት አያስፈልግም። ሲያወጡት ፊቴን አዞርኩ። አስራ ስድስቱ ገባ። ሁለት ወፋፍራም ደንበኞቻቸውን ለምነን ኋላ አስቀመጥንና ጉብታው ላይ ወጣን። ድምፅ የለም። ጋሽ ከድር እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

እሁድ

ቀስ ብዬ ነዳሁ። ከአስፋልቱ ስንወጣ አጎቴን በመስታወት አየኋቸው፤ አንቀላፍተዋል።

ወጉ ስለሆነ እኔ በር ድረስ አልሄድኩም። ወደ አቶ ሀመሶ ቤት መታጠፊያው ጋ፣ ከአንድ ሱቅ በስተጀርባ አቁሜ መኪናው ውስጥ ጠበቅሁ። ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያግላል። መስኮት ከፍቼ ዘጋሁ፣ ዘግቼ ከፈትኩ። አንድ ፍየል መጥታ አዲሱን ጎማ አሸተተች።

ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ሞተር አስነሳሁ።

"ቆመን ጠየቅን" አሉ አጎቴ በመጨረሻ። "አቶ ሀመሶ አዳመጠን። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ 'ልጁ እናንተ ስትወርዱ እንዴት ነው የሚነዳው?'"

"ምን አላችኋቸው?"

"እኔ ከድርን አየሁት።"

"እኔ ምን ልበል?" አሉ ጋሽ ከድር። "ፈጣን ነው፣ አልዋሽም አልኩት። ጥቁር ቸርኬ ሸጬለት ወገባችንን ፈጀው። ለዛሬ ብቻ ቀይረህ ሰኞ መልሰው ብለው እምቢ አለ፣ ጨርሶ መለሰልኝ አልኩት። ሰኞ የምትመልሰው ቢሆን ኖሮ፣ በአላህ፣ አፌ ይያዝ ነበር።"

"እሳቸውስ?"

"ምንም። ከዘመድ እንመካከር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ አለ።"

"ጥሩ ነው መጥፎ?"

"ወግ ነው" አሉ አቶ ላላንጎ። "በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ የከበደችበት ብቻ ነው።"

ወደ ማታ ምሕረት ደወለች። አባቷ እሺም እምቢም አላሉም። ምሳ ላይ ግን ለእናቷ እንዲህ አሏት፦ "ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ያ ልጅ መኪና ውስጥ አይቀቀል። ከሱቁ ጎን ዛፍ አለ፤ ከጥላው ሥር ያቁም በሉት።"

የተደበቅሁ መስሎኝ ነበር።