«ገዛ» በሚል ግስ ስለተገኘ ዜሮ

ለተከበሩ የስምንተኛ ክፍል የታሪክ መምህር
ቴምቢሳ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኅዳር ፳፻፲፫ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና፣ እንዲሁም ወረርሽኙ ከገባ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ያላረፈውን የቀይ እስክሪብቶዎን ጤና እመኛለሁ። እኔ በሱቁ ፍርግርግ በኩል ዳቦ የማቀብልዎ የሱሀይላ አባት ነኝ።

በዋትሳፕ የላኩት የቤት ሥራ በኢንዱስትሪው ዘመን ኢምፔሪያሊዝም ለምን እንደተስፋፋና ምን እንዳስከተለ ይጠይቃል። ልጄ እኔን ጠየቀችኝ፤ እኔም በአማርኛ፣ የእንግሊዝ ፋብሪካ ሆዱ ሰፍቶ ጥሬ ዕቃና ገበያ ሲያምረው ሰዎቹ በመርከብ መጥተው ይህን አገር ገዙት አልኳት። እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናትና በእንግሊዝኛ ስትጽፈው አገሩን እንደ ዳቦ ሸመቱት አለች። እርስዎም ዜሮ ሰጧት፤ በዚሁ ዜሮ ምክንያት ክፍል ልትደግም ነው። ስለ ጥንቃቄዎ እያመሰገንኩ አቤቱታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. በአማርኛ የሸመተም፣ ሕዝብ ላይ የሠለጠነም «ገዛ» ይባላል። ጥፋቱ የቋንቋው ነው። አማርኛው ራሱ ለእኔ ለስልጤው ሁለተኛ ቋንቋዬ ሲሆን፣ እንዴት እንደደረሰኝ ሌላ ዜሮ የሚያሰጥ ታሪክ ስለሆነ ልለፈው።

፪. ልጄ የዚህን አገር ወርቅ እንዲቆፍር ከየአገሩ ሰው እንደተጠራ፣ ወርቁ ሄዶ ድንበሩ እንደቀረ፣ አባቷም በኋላ መጥቶ መጤ እንደተባለ ብትጽፍ «ይህ የግል ጉዳይ እንጂ ታሪክ አይደለም» ብለው ሰረዙት። ሁሉም ቤቱ ይቀመጥ በተባለ ሰሞን የውጭ ዜጋ ነህ ተብዬ ሱቄ ሲታሸግ እኔ ታሪክ መስሎኝ ነበር፤ ስላረሙኝ አመሰግናለሁ።

፫. ኢትዮጵያ ስላልተገዛች አባትሽ ይህን ሊያውቅ አይችልም ማለትዎን ሰምቼ ኮርቻለሁ። እውነትዎን ነው፣ ያልተገዛን ነን። ሱቁ በታሸገ ጊዜ መደርደሪያዬ ላይ ያልተገዛ፣ እዚህ አማሲ የሚሉት እርጎ ነበረ፤ እርጎው እንደኛው ሲኮራ ሰንብቶ ቀኑ አልፎበት ተደፋ።

፬. ስድስት ዓመት ሙሉ «ማይ ፍሬንድ» ሲሉኝ ስሜን ጠይቀውኝ አያውቁም። ሰው ሳይጠይቁ ስም ማውጣት ከኢምፔሪያሊዝም መንስኤ ይመደብ ወይስ ከውጤቱ፣ ለሱሀይላ ቢያስረዱልኝ።

ቀልዱን ልተወውና፣ ያቃጠለኝ ዜሮው አይደለም። ልጄ አባቷን አምና ስለጻፈች ተቀጣች፤ ከዚያ ወዲህ ለጥያቄዋ ሁሉ ስልኳን እንጂ እኔን አትጠይቅም። ስለዚህ ግማሽ ነጥብ እንኳ እንዲመልሱላት እለምናለሁ።

ሲገዙ የምሸጥልዎ፣ ሲገዙኝ ዝም የምል፣ የዘወትር ተገዢዎ
ሱሩር ካሚል
(እርስዎ እንደሰየሙኝ፣ ማይ ፍሬንድ)

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ወደ እንግሊዝኛ የምትመልስልዎ ሱሀይላ ናት። «ተገዢዎ» የሚለው ላይ ስትደርስ የትኛውን ትርጉም እንደምትመርጥ አልነግራትም። የትኛውንም ብትጽፍ ግን ዘንድሮ አልተሳሳተችም።