ሁለት ጎኑ ባዶ የነበረው ማማ

አባዬ፣

ከሄድክ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነህ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም። ማማውን ያሠራህን ያንን ሰውዬ ሳላሳፍረው ባዶ እጄን ልጽፍልህ ስላልፈለግኩ ነው። አሁን አሳፍሬዋለሁ፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልንገርህ።

እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ነው የሚያስቸግራት። ወርክሾፕህን አልዘጋነውም። የብየዳ ማሽንህንም ለማንም አልሰጠንም፤ በሸራ ሸፍናዋለች። ከዳሞታ ተራራ በኩል ዝናብ ሲመጣ እንደ ድሮው ብረቱን ወደ ውስጥ አስገቡ ትለናለች፤ የሚገባ ብረት እንደሌለ ትዝ ሲላት የማሽንህን ሸራ ታጠብቃለች። እኔ አሁንም ኮሌጁ ውስጥ ድራፍቲንግ፣ የንድፍ ሥራ፣ አስተምራለሁ።

የጉኑኖዋ ሴትዮ የግቢ በር ልታሠራ የመጣችበት ቀን ትዝ ይልሃል? የፊቱንና የጎኑን ንድፍ ለየብቻ ሥለህ ብታሳያት "ሁለት በር ነው እንዴ የምትሠራልኝ?" ብላ ግራ ገባት። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ ካድ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም አይዞሜትሪክ አደረግኩት። ቁመቱን ቀጥ አድርጌ፣ ስፋቱንና ውፍረቱን ግራና ቀኝ በሠላሳ ዲግሪ አጋድሜ ሳወጣው "እንዲህ በለኝ እንጂ!" አለችህ። አንተ መነጽርህን ወደ ግንባርህ ገፍተህ "ሳይገላበጥ ሦስት ፊቱን እንዴት አሳየ?" አልከኝ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ሠራን፤ አንተ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ፣ እኔ ስክሪኑ ላይ። ልኬት ስሳሳት ከእኔ በፊት የምታየው አንተ ነበርክ። ንድፍ ማንበብ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ አባዬ። ለዚህ ነው የዚያ ሰውዬ ንግግር ያቃጠለኝ።

በዴሳ ከተማ፣ እህል መጋዘኑ ግቢ የሠራኸው የውሃ ታንከር ማማ ላይ መሰላሉን ልትበይድ ወጥተህ ነበር። ታንከሩን ለሙከራ ሲሞሉት ማማው ወደ ጎኑ ተጋደመ። በሚኒባስ ስደርስ በሸራ ሸፍነውሃል። ፊትህን እንዳላይ ሁለት ሴቶች ይዘውኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኮንትራክተሩ ለቅሶ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጦ ከቀረበው በላ፣ የሚያቃጥለውን ዳጣም አስጨመረ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ "ጎበዝ ሰው ነበር። ምን ያደርጋል፣ ዓይኑ ደክሞ ንድፉን በትክክል አላነበበውም" አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የማስታጠብ ተራው የእኔ ነበርና ማስታጠቢያውን ይዤ ሄጄ እጁን አስታጠብኩት። ውሃውን እያፈሰስኩ፣ ይህን ቃል በሰው ፊት አፉ ውስጥ መልሼ ሳልከተው እንዳልተኛ ለራሴ ማልኩ።

የመሣሪያ ሳጥንህ ውስጥ ኮንትራክተሩ የሰጠህን የማማውን ንድፍ ወረቀት አገኘሁት፤ በላስቲክ ጠቅልለህ አስቀምጠኸዋል። የፊቱ ንድፍ ላይ እግሮቹን በመስቀል ቅርጽ የሚያያይዙ ሰያፍ ብረቶች አሉ። የጎኑ ንድፍ ላይ የሉም። አጠገቡ በእርሳስህ "ጎኑስ?" ብለህ ጽፈሃል። ከሥር የብረት ዝርዝር አለ፤ ሰያፍ ብረት፣ አራት። ከዝርዝሩ ሥር የኮንትራክተሩ ፊርማ አለ። ለአራቱም ገጽ ስምንት ያስፈልግ እንደነበር የአንደኛ ዓመት ተማሪዬም ያውቃል።

ወረቀቱን ይዤ አደጋውን ወደሚያጣራው ኮሚቴ ሄድኩ። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ንድፍ ማንበብ የሚችሉት አንዷ መሐንዲስ ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውም በዚያ ቀን አልመጡም። ሰዎቹ ወረቀቱን አዟዟሩት። ኮንትራክተሩ ፈገግ ብሎ "የጎኑ ንድፍ ቁመት ለማሳየት ብቻ ነው። በአራቱም በኩል አንድ ዓይነት መሆኑን ማንም ባለሙያ ያውቃል" አላቸው። አመኑት። እኔ በንዴት ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ወደ በዴሳ ወረድኩ። የወደቀውን ብረት መጋዘኑ ጀርባ ጥለውት ሣር በቅሎበታል። በሜትር አንድ በአንድ ለካሁት። ከዚያ ቤት ገብቼ መሥራት ጀመርኩ። መጀመሪያ ኦብሊክ የሚባለውን አሣሣል ሞከርኩ፤ የፊቱን ገጽ በትክክለኛ ልኩ አስቀምጬ ጎኑን በአርባ አምስት ዲግሪ ወደ ኋላ ሳብኩት። ግን በኦብሊክ ጎኑ በግማሽ ያጥራል። ያ ሰውዬ ይህችን ይዞ "ጎኑን አበላሽታ ነው የሣለችው" እንደሚል ታወቀኝ። ተውኩት። በአይዞሜትሪክ ፊቱም ጎኑም የሚለካው በአንድ ልክ ነው፤ ማምለጫ አይሰጠውም። ከኦብሊኩ ያስቀረሁት ብረቶቹ የሚጋጠሙበትን ላሜራ ብቻ ነው፤ እሱ ፊት ለፊት ሲታይ ነው የሚገባው።

ሥራው በሳምንት ያልቅ ነበር። እኔ ግን አልቸኮልኩም። እያንዳንዱን መስመር ስስብ የሰውዬውን ፊት አስብ ነበር። የጎደሉትን አራት ብረቶች በቀይ ነጠብጣብ መስመር አስቀመጥኳቸው። ቀይ ማድረጉ ግድ አልነበረም፤ ልቤ ስለፈለገ ነው።

ቀጣዩ ስብሰባ በአዳራሽ እንዲሆን፣ በሩም ክፍት እንዲሆን ለምኜ አስፈቀድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ራሳቸውን የነቀነቁትን ሽማግሌዎች ቤት ለቤት ሄጄ ጠራኋቸው። ብረቱን የሸጠውን የስልጤውን ነጋዴ፣ ወዳጅህን ጋሽ ሙዘይንንም ጠራሁ። መሐንዲሷም መጡ። ኮንትራክተሩ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ወረቀቱን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ካሳየኋቸው በኋላ እዚያው ፊታቸው ከወረቀቱ መስመር ብቻ ተነስቼ ማማውን በላፕቶፔ ማቆም ጀመርኩ። አራት እግር። ዙሪያውን አግዳሚ። ላዩ ላይ ታንከሩ። ከዚያ ሰያፍ ብረቶቹን እየቆጠርኩ አስገባኋቸው፤ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ፣ አለቁ። ወደ ኮንትራክተሩ ዞር ብዬ "ይኸው ማውሱ። በወረቀትዎ ላይ ያለ አንድ ብረት የረሳሁ ከሆነ ይጨምሩ" አልኩት።

እጁን አላነሳም። "ልጄ፣ እስቲ ነገሩን ረጋ ብለን..." ብሎ ጀመረ።

"ልጅዎ አይደለሁም" አልኩት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነስተው ግድግዳው ድረስ ሄዱና ባዶውን ጎን በጣታቸው ነኩት። "እዚህ ጋ ምንም የለም እንዴ?" አሉ በወላይትኛ። ምንም የለም አልኳቸው። ከዚያ ቀዩን መስመር አበራሁት። አዳራሹ ውስጥ የተሰማውን ድምፅ ብትሰማው ምን አለ!

ያኔ ጋሽ ሙዘይን ተነሱ። ኮንትራክተሩ ደንበኛዬ ስለሆነ እስካሁን ዝም ብዬ ነበር፣ ይቅር በሉኝ አሉ። "አባቷ እኔ መደብር ውስጥ ሆኖ ይህን ሰውዬ ጠይቆታል። 'የጎኑ ብረት የታለ?' ሲለው 'አንተ በይድ፣ ማሰቡን ለእኔ ተው' ነው ያለው። የጫንኩለትም አራት ብቻ ነው።"

አባዬ፣ ይህን ስሰማ በአንተም ተናደድኩ። ካወቅክ ለምን ወጣህ? ለምን መሣሪያህን ሰብስበህ አልመጣህም? የዚህን መልስ የሚነግረኝ የለም።

መሐንዲሷ የጸደቀውን ዋና ንድፍ አወጡ፤ ስምንት ይላል። ኮሚቴው ጥፋቱ የበያጁ አይደለም ብሎ ጽፎ ፈረመ። የኮንትራክተሩ ፈቃድ ታገደ፣ ጉዳዩም ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽማግሌ ይዞ ቤት መጣ። እማዬ አልቅሳ ይቅር አለችው። እኔ አላልኩም። እድርተኛው ፊት ቆሞ በገዛ አፉ ካልተናገረ ደጃችንን እንዳይረግጥ ነገርኩት። እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ ቆሞ "ንድፉን በትክክል አንብቦት ነበር። ያጎደልኩት እኔ ነኝ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ከኋላ ያሉት አልሰማንም ሲሉት ድገመው አልኩት። ደገመው። ደስ አለኝ፣ አባዬ። ኃጢአት ከሆነም ደስ አለኝ።

እማዬ "አሁን ይብቃሽ" ትለኛለች። እሷ በጸሎቷ ታስብሃለች፤ እኔ ገና እዚያ አልደረስኩም። እኔ የማስብህ በማውቀው መንገድ ነው። ከእንግዲህ በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ የፊቱንና የጎኑን ንድፍ ሰጥቼ በአይዞሜትሪክ አቁሙት እላቸዋለሁ። ዘንድሮ አንዷ ልጅ ሳትጨርሰው እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ይሄ እኮ ይወድቃል" አለችኝ። አዎ ወድቋል አልኳት። ማን ብረቱን እንዳጎደለው፣ ማን እንደሞተበት ነገርኳቸው፤ የአንተንም የእሱንም ስም ከነአባት ስማችሁ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ጠመኔ መያዝ እስኪያቅተኝ ድረስ እጽፈዋለሁ።

ልጅህ