ባለቤቱ ያልታወቀ ክፍት ቦታ

ፍኖተ ሰላም፣ ረቡዕ የካቲት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ የእማማ ፋና ልጅ፣

በስምሽ አልጀመረችም ብለሽ ወረቀቱን እንዳትቀጅው። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ያን እሑድ በእድርተኛው ፊት «ስምሽን ዳግመኛ ብጠራ ሚካኤል አፌን ይዝጋው» ብዬ ስምል ከፊቴ ቆመሽ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሞላው። «ያቺ»፣ «የማዶዋ» እያልኩ ኖሬያለሁ። ያንቺን ስም የያዘች ደንበኛ ቀሚስ ልታሰፋ ብትመጣ እንኳ «አንቺ ልጅ» እያልኩ ነው የምለካት።

የምጽፍልሽ ናፍቆት ገድሎኝ አይደለም፤ አልዋሽሽም። የእናትሽ ቦታ ሊወሰድ ነው። የሚወሰደውም በእኔ ጥፋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው በየሰፈሩ ክፍት ሆኖ የተቀመጠውን ቦታ እየለየ ትንንሽ መናፈሻ ሊሠራበት ነው። አግዳሚ ወንበር፣ ጥላ ያለው ዛፍ፣ ለሕፃናት ዥዋዥዌ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ሰፈራችን እኮ ሽማግሌ አረፍ የሚልበት ድንጋይ እንኳ የለውም። የእናትሽ ቤት ደግሞ አንቺ ዱርቤቴ በገባሽ በሁለተኛው ክረምት ፈርሷል። ጭቃው ቀለጠ፣ እንጨቱንም ማን እንደወሰደው አልታወቀም፤ አሁን ሳማና የላስቲክ ክምር ነው። ሰው ቆሻሻ ሲደፋበት እያየሁ አንድ ቀን «ተዉ» ብዬ አላውቅም።

ባለፈው ወር ምናለ የሚባል የመሬት ባለሙያ ሜትሩንና ቅጹን ይዞ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው።

«እትየ ሀብትነሽ፣ አዋሳኝ እርስዎ ነዎት። የዚህ ቦታ ባለቤት ማን ይባላሉ?»

ስምሽ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። እዚያው ቀረ።

«እኔ እንጃ» አልኩት።

«በሕይወት አሉ?»

«እኔ እንጃ አልኩህ እኮ!»

የሚጠየቀው አዋሳኝ ብቻ ነው፤ ከእኔ ሌላ የሚያውቅሽ አዋሳኝ የለም። በላይ በኩል ያለው መምህር ደጀኔ ከአዴት ተዛውሮ ከመጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ አንቺን አያውቅሽም። በቀሩት ሁለት ጎኖች ያለው መንገድና ቦይ ነው። ስለዚህ «ባለቤቱ ያልታወቀ ክፍት ቦታ» ብሎ ጻፈ፤ እኔም ፈረምኩ። ባለቤት ያለው ቦታ ለመናፈሻ ቢወሰድ ምትክ ይሰጠዋል፤ ባለቤት የሌለው ግን እንዲሁ ይሄዳል። ይህን አስረድቶኝ ነው ያስፈረመኝ።

ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! «ወሰኑስ በየት ነው?» አለኝ። አንቺ የቆረጥሻቸው የሦስቱ ባሕር ዛፎቼ ጉቶ አሁንም አለ፤ ወሰናችን እሱ ነው፤ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ግን ከጉቶው ሁለት ክንድ ወዳንቺ አልፌ ጠቆምኩት። እዚያ ላይ ችካል ተከለ። ጣቴን የከለከለው የለም፤ መሐላው ለአፌ ብቻ ነበርና።

ከዚያ ማስታወቂያው ተለጠፈ። ተቃውሞ ያለው እስከ ነገ ሐሙስ ይቅረብ ይላል፤ ነገ የቀበሌው ስብሰባ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በሥሩ ሳልፍ ሰንብቼ ወደ ንስሐ አባቴ፣ ወደ ቄስ ሃይለ ሚካኤል ሄድኩ። መሐላውን ነገርኳቸው፣ አለቀስኩ፣ «ታስሬ ነው አባቴ» አልኳቸው። ሰምተው ሰምተው ሲያበቁ፣ «ሀብትነሽ፣ ያሰረሽ መሐላው ነው ወይስ ሁለቱ ክንድ?» አሉኝ።

ለካ ችካሉን አይተውታል! በዚያ በኩል አይደል ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያልፉት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ክፉ መሐላን መጠበቅ ሌላ ኃጢአት ነው ብለው ጾሙን ሙሉ ስግደት አዘዙኝ። «ስግደቱ ግን ከመናገርሽ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ሂጂና ተናገሪ» አሉኝ።

ላንቺም ልናገር እንግዲህ። ጌሾሽን ያደረቀው የእኔ ባሕር ዛፍ ነው። ያኔም አውቀው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? ዛፎቼን ስትቆርጪ እንደዚያ አብጄ የማልኩብሽ እውነቱ ካንቺ ጋር ስለነበረ ነው። እማማ ፋና ያረፉ ዕለት ደግሞ ቤቴ አልተቀመጥኩም። ከቀሩት ዛፎች ጀርባ ቆሜ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ብቻዬን አለቀስኩ። ከእጃቸው በልቼ ያደግሁ ሰው ያችን አጥር መሻገር አቃተኝ። አንቺም «ለእናቴ ቀብር እንኳ አልመጣችም» ብለሽ ሰፈሩን ለቀሽ ሄድሽ። ማን ይፈርድብሻል?

ነገ አፌ ይከፈት አይከፈት አላውቅም። ዛሬ በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት አቅቶኝ የስፌት ማሽኑን ሸፍኜዋለሁ። ነገ ሳልናገር ከቀረሁ ይህን ወረቀት አቃጥለዋለሁ፤ አንቺም ምንም ሳታውቂ ትቀሪያለሽ።

ዓርብ

ይኸው አላቃጠልኩትም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ምናለ ዝርዝሩን አነበበ፤ የእኛ ሰፈር ሲደርስ ወጣቶቹ አጨበጨቡ። «ተቃውሞ ያለው?» አለ። ማንም የለም። አጠገቤ እማማ እንቁ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ይድከም እንጂ የማልኩ ዕለት የነበሩ ናቸው። በከዘራቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሰው በቁሙ በመሐላ ይቀበራል እንዴ?»

«እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እማማ» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ኧረ ወዲያ! ፊርማው የማን ነው?»

ተነሣሁ። «ባለቤት አላት» አልኩ።

«ማን ናት?» አለ ምናለ ብዕሩን አንሥቶ።

«ያቺ... የማዶዋ...» አልኩ። ሁሉም ዞሮ ያየኛል። ከኋላ አንዱ «እትየ፣ ያውቃሉ ወይስ አያውቁም? ሰዓታችንን ጨረሱት እኮ!» ሲል ሳቁብኝ። በሳቃቸው መሐል፣ ድሮ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ውኃ እንውረድ ብዬ ስጠራሽ እንደነበረው አድርጌ ጮኽኩ።

«ያምሮት! ያምሮት ዘሩ! የእማማ ፋና ልጅ! ዱርቤቴ እህል ትነግዳለች፤ በሕይወት አለች!»

ሚካኤል አፌን አልዘጋውም። እንዲያውም ከዚያ ወዲያ መዝጋት ያቃተኝ እኔው ነኝ። የችካሉንም፣ የባሕር ዛፉንም፣ የጌሾውንም፣ ማን ጠየቀሽ ሳይሉኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሳቁ ቆመ። «ያን ጊዜ እኔ እንጃ ብለው ፈርመው ዛሬ ከየት አወቁ?» አለ አንድ ወጣት ተቆጥቶ። እውነቱን ነው።

ምናለ ፊቱ ጠቆረ። «እትየ፣ በሐሰት ነው የፈረሙት፤ ሊያስጠይቅዎት ይችላል» አለኝ። ብዕሩን አስቀምጦ፣ «ፋይሉን እስከ ረቡዕ እይዘዋለሁ። ባለቤቷ ራሷ የእናቷን የግብር ደረሰኝ ይዛ ትቅረብ። ረቡዕ ካለፈ እኔም ምንም ማድረግ አልችልም» አለ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኟ ለቅቃለች፤ ወረቀቱ ግን አሁንም እንደያዘ ነው።

ስንወጣ ያነጋገረኝ የለም። የመናፈሻውን ተስፋ ያበላሸሁባቸው መስሏቸዋል። ምናለን ወደ ቦታው ይዤው ሄድኩና እያየኝ ችካሉን ነቅዬ ጉቶው ላይ ተከልኩት። በሜትሩ ለክቶ ጻፈና፣ «አሁን እዚህ ነው?» አለኝ። «እዚህ ነው፤ ድሮም እዚህ ነበር» አልኩት።

ያምሮት፣ ነይ። ደረሰኙን እማማ ፋና በዳዊታቸው ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ዳዊቱን ይዘሽው ሄደሽ ከሆነ ገጹን ሁሉ ገልጠሽ ፈልጊ። ቦታው ለመናፈሻ ይሁን ብትይ ፈቃዱ ያንቺ ነው፤ ምትኩንም ትወስጃለሽ። አይሆንም፣ አጥራለሁ ብትይም አጥሩን አብሬሽ አቆማለሁ፤ ሰፈሩ የሚለኝን ይበለኝ። ብቻ የእናትሽ መሬት በእኔ «እኔ እንጃ» አይሂድ።

ይህን የሚያደርስልሽ ከዱርቤቴ ቡሬ የሚመላለሰው ባለ ሚኒባሱ ይታገሱ ነው። ማክሰኞ ማለዳ ወንበር እንዲይዝልሽ ነግሬዋለሁ፤ ከቡሬ ሌላ መኪና ታገኛለሽ። መንገዱ ክፍት ይሁን እንጂ ከቀትር በፊት ትደርሻለሽ።

መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። አርጅቻለሁ፤ በመልኬ ላትለይኝ ትችያለሽ። ስለዚህ መኪና በመጣ ቁጥር ስምሽን እጠራለሁ። አበደች ይበሉኝ። ከወረድሽ በኋላ ብትሰድቢኝ ይገባኛል፣ ፊትሽን ብታዞሪብኝም ይገባኛል። መጀመሪያ ግን አንዴ «አቤት» በይኝ።

አዋሳኝሽ
ሀብትነሽ