የመጨረሻው ተነሺ የሚከፍተው በር

ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማኅበረሰብ ጤናና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የታችኛው የዮጋ አዳራሽ በመዘጋቱ በአዲሱ አዳራሽ እንዲስተካከሉልን ስለምንጠይቃቸው ነገሮች፣ እንዲሁም የታችኛው አዳራሽ ቁልፍ ለአንድ ጠዋት እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

አመልካች በሙያዬ ልብስ ሰፊ ስሆን፣ ከጋራዡ ጀርባ ባለው በታችኛው አዳራሽ ዮጋ የምንሠራ ሰዎች ስለወከሉኝ ይህን አቤቱታ አቀርባለሁ። የተወከልኩት ጽሑፍ አዋቂ ሆኜ ሳይሆን “አንቺ አፍ አለሽ” ተብዬ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ሸካራ ቃል ቢያጋጥምዎ የእኔ እንጂ የወካዮቼ አለመሆኑን አስቀድመው እንዲያውቁልኝ እጠይቃለሁ።

ማስታወቂያዎ አስተያየት ያለው ሰው እስከ ጥር 11 እንዲያቀርብ ያዛል። ቀኑ ማለፉን እናውቃለን። የዘገየንበትን ምክንያት መጨረሻ ላይ አስረዳለሁ፤ እስከዚያው ማመልከቻችን ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ወደ ጎን እንዳይደረግ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከአዳራሹ ልነሣ።

1. የታችኛው አዳራሽ ድሮ የጎማ መጋዘን ነበር። እስከ ዛሬም ፀሐይ ሲጠነክር ጎማ ጎማ ይሸታል። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል የአስተማሪያችን ድምፅ ስለማይሰማ እርስ በርሳችን እየተያየን ነው የምንሠራው። በሩ ከኋላ በኩል ያለ ከባድ የብረት በር ነው። አዳራሹ የሚዘጋው ግድግዳው ውሃ ስለሚያስገባና ጣሪያውን የተሸከመው እንጨት ስለበሰበሰ መሆኑን ገልጸዋል። ይህ ሐሰት አይደለም። ከመካከላችን ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ በርጥበቱ የተነሣ ሳል ይዟት ከርሟል። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ በክፋት ዘጋብን አልልም። ልል ፈልጌ ነበር፤ ሲስተር ከለከለችኝ።

2. አስተማሪያችን ከአብዛኞቻችን በዕድሜ ታንሳለች። ክንድ ስናነሣም፣ ስንጎነበስም፣ ስንተነፍስም “ቀስ በሉ” ስለምትል ስሟ ቀስ በሉ ሆኖ ቀርቷል። እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ልንጠብቅ ነው ወይ ብዬ የቀለድኩባት ጊዜ አለ። የጋራዡ ሰዎችም በመጀመሪያው ሰሞን፣ እነዚህ ደግሞ ለመተኛት ከቤታቸው ይወጣሉ እያሉ ይስቁብን ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ልምምዱ ሲያበቃ ሁላችንም በጀርባችን ተንጋለን፣ ዐይናችንን ጨፍነን እናርፋለን። ከዚያ እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ ይነሣል።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ እንዲያስተውሉልኝ የምፈልገው አንድ ደንብ አለን። የመጨረሻው ሰው እስኪነሣ ድረስ በሩ አይከፈትም። በሩን የሚከፍተውም እሱ ራሱ ነው። ደንቡ የመጣው በአንዲት ነፍሰ ጡር ምክንያት ነው። ሁልጊዜ በመጨረሻ የምትነሣው እሷ ስለነበረች፣ ቀድመው የተነሡት በር ላይ ቆመው ሲያዩአት ታፍር ነበር። ቀስ በሉም አንድ ቀን በሩን ዘጋችና፣ ከዛሬ ጀምሮ የምትከፍቺልን አንቺ ነሽ አለቻት። ሴትየዋ በሰላም ተገላገለች፤ ልጁም ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ደንባችን ግን እንዳለ ነው። ማንም ማንንም አያነሣም። ማንም አይዞህ አይልም፣ አፍጥጦም አያይም። ምንጣፋችንን እየጠቀለልን፣ ስለ ኑሮ ውድነት እያወራን እንጠብቃለን።

3. ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ለሰው በር ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ሐኪሙ ከወለል መነሣትን ይለማመድ ብሎ ነበር። እሱ ግን እኔ ፊት አልለማመድም አለ። ቤት ውስጥ ሲወድቅ ላነሣው እጄን ስዘረጋ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሠላሳ ዓመት በአንድ ትራስ ተኝተን እጄን ሲጠየፍ ማየት እንዴት እንደሚያንገበግብ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ የምነግርዎ ስለማያውቁኝ ነው።

በስንት ልመና ወደ አዳራሹ ወሰድኩት። የመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ተነሥተን እሱ ገና በጉልበቱ ነበር። ፊቱ ሲለዋወጥ አይቼ ሁለተኛ አይመለስም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ቀስ በሉ ግን ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ “ጋሼ፣ ተዘግቶብናል፤ የሚከፍቱልን እርስዎ ነዎት” አለችው። ምንጣፉን ያነጠፈው በሩ ሥር ስለነበር ግራ እጁን ዘርግቶ የበሩን እጀታ ያዘ፤ ተንጠላጥሎ፣ አቃስቶ፣ ቆመ። ከዚያም በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና “ወራጅ!” አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሳቁን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ምንጣፉ ከበሩ ሥር አልተነቃነቀም። እኔን ዮጋው ነው ያሻለው ብለው ቢጠይቁኝ አፌን ሞልቼ አዎ አልልም። በሩ ነው ያሻለው።

4. በማስታወቂያው ላይ አዳራሹ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ክፍት እንደሚሆን ተጽፎ ነበር። እኛም ለመጨረሻው ቀን ተዘጋጅተን፣ ሲስተር ጨርቅ ያለበሰችው ወንበር ሳይቀር ማን እንደሚወስደው ተስማምተን ነበር። ወሩ ሳያልቅ አንድ ጠዋት ስንመጣ በሩ በሰንሰለት ተቆልፏል። ጥበቃው ታዝዤ ነው አለን፤ እሱን ምን እንለዋለን። ሰንሰለቱ ላይ ደግሞ “ለውጥን በጋራ እንቀበል” የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ክቡር ኃላፊ፣ “በጋራ” ከሚለው ቃል ጋር ጠብ የለኝም። እኛ ግን በጋራ የምንለው የመጨረሻው ሰው ሲደርስ ነው።

5. እንደታዘዝነው ወደ አዲሱ አዳራሽ ሄድን። አራተኛ ፎቅ ቢሆንም አሳንሰሩ ይሠራል። ወለሉ ይሞቃል፤ የኋላው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው። አይቼ ወድጄዋለሁ፤ መዋሸት አልችልም። ጥፋቱ የመጣው ከእኛው ነው። ማንም ሳያዘን፣ ሳንነጋገርም፣ እያንዳንዳችን በድሮው አዳራሽ በነበርንበት ቦታ ልክ ምንጣፋችንን ዘረጋን። ሲስተር መስኮት በሌለበት የመስኮት ቦታዋን ያዘች። ባለቤቴም ወደ ኋላ፣ በድሮው አዳራሽ በሩ ወደነበረበት ቦታ ሄደ። የዚህኛው አዳራሽ በር ግን ከፊት ነው። ከመካከላችን ይህን ያስተዋለ አንድ ሰው አልነበረም።

ልምምዱ አበቃ፤ እኛ ተነሣን፤ እንደ ልማዳችን ላለማየት ፊታችንን አዞርን። ባለቤቴ ግራ እጁን ወደ እጀታው ሰደደ። እጀታ የለም፤ መስታወት ነው። መዳፉ ተንሸራተተና በጎኑ ወደቀ። በዚያው ቅጽበት፣ ሰው ሲቀርበው በራሱ የሚከፈተው በር ተከፈተ። ሰዓታችን አልቆ ስለነበር ተረኞቹ ወጣቶች ምንጣፋቸውን ይዘው ገቡ። ሁለቱ ሮጠው በብብቱ ይዘው አነሡት፤ “አይዞን አባባ” አሉት። ያሳደጋቸው ይባረክ፤ ሌላ ቦታ ቢሆን እኔም የምለምነው ይህንኑ ነው። ባለቤቴ አመስግኗቸው ወጣ። በአሳንሰሩ ውስጥ አራቱንም ፎቅ ስንወርድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

6. ከዚያ ወዲህ በመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር የሚነሣው ለግዴታ ብቻ ነው። እንሂድ ስለው፣ “እኔ ወርጃለሁ፤ እናንተ ቀጥሉ” ይለኛል። በቁጣ ቢለኝ እመልስለት ነበር። የሚለው ግን ረጋ ብሎ፣ ለተሳፋሪ መንገድ እንደሚያሳይ ሰው ነው። እፈራለሁ። ሰው ከወለል መነሣትን ከተወ ቀጥሎ ከአልጋ መነሣትን እንደሚተው አባቴን ሳስታምም አይቻለሁ።

7. ጉዳዩን ለመምከር በእኔ ሱቅ፣ በጨርቁ መሃል ተሰበሰብን። እኔ የፈለግሁት አዳራሹ ይመለስልን ብለን እንድንጽፍ ነበር። ከእኛ ጋር የሚሠራው በያጅ ጣሪያውን ወጥቶ ያየ ሰው ነውና፣ እንጨቱ በጣት ይፈረፈራል፣ ሰው ላይ ከወደቀ ማን ይጠየቃል አለ። ቀስ በሉም፣ ይዘን የምንሄደው ግድግዳውን ሳይሆን ደንቡን ነው አለች። እናንተ ምን አለባችሁ፣ ወለል ላይ የቀረው የእኔ ባል ነው ብዬ ጮኽኩባቸው። ያን ጊዜ ሲስተር ሳሏን ውጣ የማላውቀውን ነገረችኝ። ለካ እኔና ባለቤቴ ከቀረን በኋላ አንዳቸውም ወደ አዲሱ አዳራሽ አልተመለሱም። በደንባችን መሠረት ያ ልምምድ ገና አላለቀም፤ የመጨረሻው ሰው አልተነሣም፣ በሩም በደንቡ አልተከፈተም።

ስለዚህ አዳራሹ ይመለስልን የሚለውን ጥያቄ ትቼዋለሁ። ቀላል ሆኖልኝ አይደለም። በምትኩ የሚከተሉትን በአክብሮት እንጠይቃለን፦

ሀ/ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና፣ የእኛ ልምምድ የዕለቱ የመጨረሻ እንዲሆንልን ወይም ከእኛና ከተረኞቹ መካከል ክፍት ሰዓት እንዲተውልን፤

ለ/ በራሱ የሚከፈተው በር እኛ ባለንበት ሰዓት እንዲቆምና በእጅ እንዲከፈት። እንደሚቻል የሕንፃው ኤሌክትሪሻን ነግሮናል፤

ሐ/ የታችኛው አዳራሽ ከመፍረሱ በፊት የበሩ እጀታ ተነቅሎ እንዲሰጠን፣ በአዲሱ አዳራሽም ከበሩ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ እንድንተክለው እንዲፈቀድልን። ሥራውን በያጁ ይሠራዋል፤ ግድግዳውን አያበላሽም፣ ካበላሸም እኔ እጮህበታለሁ፤

መ/ ከሁሉ በፊት ግን የታችኛው አዳራሽ ቁልፍ ለአንድ ጠዋት እንዲሰጠን። ጣሪያው ያሰጋል ከተባለ ወደ ውስጥ አንዘልቅም፤ በሩ ሥር ያለው ቦታ ይበቃናል፣ ተጠጋግተን እንተኛለን። ያ በር የተዘጋው በሰንሰለት ነው። አንድ ጊዜ በሰው እጅ ተከፍቶ እንድንወጣበት እንፈልጋለን።

ማመልከቻው ስለዘገየበት ምክንያት፦ የሁላችንም ፊርማ በተያያዘው ወረቀት ላይ ይገኛል። ስንፈርም የመጨረሻውን መስመር ለባለቤቴ ትተንለት ነበር። ወረቀቱን ቤት ወስጄ፣ ከብዕር ጋር፣ በወንበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ፈርም አላልኩትም። የእኔን ምላስ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እንደከበደኝ ይገባዋል። ጀርባዬን ሰጥቼው ሱሪ ስሰፋ ሰነበትኩ። ወካዮቼም በየተራ እየመጡ ተቀመጡ፤ አንዳቸውም ወረቀቱን አላነሡም፣ ዐይናቸውንም አላሳረፉበትም። ስለ ኑሮ ውድነት አወራን። ቀነ ገደቡ ደረሰ፤ አለፈ።

ዛሬ ጠዋት ስነሣ የመጨረሻው መስመር ተሞልቷል። ፊርማው የተጣመመ ስለሆነ ከጡረታ መታወቂያው ፊርማ ጋር ቢያስተያዩት አይመሳሰልም። በግራ እጁ ስለጻፈው ነው። ሐሰተኛ ነው ተብሎ እንዳይጣል የእሱ መሆኑን እኔ ሚስቱ አረጋግጣለሁ።

መልስዎን እንጠብቃለን። መጠበቅ እንደምንችል ከላይ ተገልጿል።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ልብስ ሰፊዋ
የታችኛው አዳራሽ ተለማማጆች ተወካይ
(ፊርማ)

አባሪ፦ የተለማማጆች ፊርማ፣ አንድ ገጽ
ግልባጭ፦
ለአስተማሪያችን
ለታችኛው አዳራሽ ጥበቃ